በአንድ የቤት ኮምፒዩተር ላይ ሥራንና ጨዋታን ስለ መለየት

በአገራችን የቀድሞ ቤት ውስጥ መደብ የሚባለው የጭቃ መቀመጫ ቀን እንግዳ ይቀመጥበታል፥ ማታ ቁርበት ተነጥፎበት ይተኙበታል። ስፍራው አንድ ሲሆን ጉዳዩ ሁለት ነው፤ ሁለቱን የሚለያቸውም ግድግዳ ሳይሆን ሰዓትና ምንጣፍ ነው። ዛሬ በብዙ ቤት ውስጥ ያለው አንድ ኮምፒዩተርም ከዚህ የተለየ አይደለም። ጠዋት የሒሳብ መዝገብ ይሞላበታል፥ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ጽሑፍ ይጻፍበታል፥ ማታ ደግሞ ፊልም ይታይበታል፥ ጨዋታም ይጫወቱበታል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ መኪና ላይ ለይቶ የማኖር ዘዴ ከየት እንደ መጣና እንዴት እንደ ተለወጠ በጥቂቱ ለመመርመር የቀረበ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚህ ጥናት ያመጣን ነገር ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም። በቤታችን ያለው ኮምፒዩተር አንድ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድማችን አዲስ ጨዋታ ሊጭን ፈልጎ ዲስኩ ስለ ሞላበት፥ ጥቅም የሌለው የመሰለውን ሁሉ ሲያጠፋ «ልዩ ልዩ» የሚል ስም የሰጠነውን ፎልደር አብሮ አጠፋው። በውስጡ የነበረው ሽማግሌዎችን እየጠየቅን ሦስት ወር ሙሉ የሰበሰብነው ማስታወሻ ነው። ከፊሉ በፍላሽ ተገልብጦ ስለ ነበረ ተረፈ፤ የቀረው ግን ጠፋ። ልጁን መቆጣት ቀላል ነበር፥ ተቆጣነውም። ነገር ግን ቆይተን ስናስበው ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አለመሆኑን ተረዳን። ወደ መኪናው ሁላችንም የምንገባው በአንድ ስም፥ ያለ ይለፍ ቃል ነበር። ለመኪናው እኛና እርሱ አንድ ሰው ነበርን፤ አንድ ሰው ደግሞ የራሱን ጽሑፍ ቢያጠፋ መኪናው የሚከለክልበት ምክንያት የለውም።

ስለ ኮምፒዩተር ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ነገሩን እንዲህ ያስረዱታል፦ በመጀመሪያ መኪናው ትልቅና የብዙ ሰዎች የጋራ ነበር፤ በኋላ አነሰና የአንድ ሰው የግል ሆነ። ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በዚህ አባባል ውስጥ የተዘለለ ነገር አለ። መኪናው የብዙ ሰዎች በነበረበት ዘመን አንዱን ከሌላው የሚለይ አጥር ተሠርቶ ነበር፤ የግል በሆነ ጊዜ አጥሩ ተረሳ፤ ወደ ቤት ገብቶ የቤተ ሰብ ዕቃ ሲሆን አጥሩ እንደገና አስፈለገ። ስለዚህ ዛሬ ሥራን ከጨዋታ ለመለየት የምንጠቀምበት ዋናው መሣሪያ ለዚህ ጉዳይ የተሠራ ሳይሆን ሰውን ከሰው ለመለየት የተሠራ ነው እንላለን። ብዙው ችግርም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

በ1950ዎቹ ዓመታት ኮምፒዩተር የሚሠራው ተራ በተራ ነበር። ተመራማሪው ፕሮግራሙን በካርድ ላይ አስበስቶ ለመኪናው ሠራተኞች ያስረክባል፤ ውጤቱን የሚቀበለው ከብዙ ሰዓት በኋላ ወይም በማግስቱ ነው። በ1959 መጀመሪያ ጆን ማካርቲ የተባሉት በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር፥ አንዱ መኪና ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ እንዲያገለግል የሚያሳስብ ማስታወሻ ጻፉ። በ1961 ኖቬምበር ወር ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቻቸው በዚያው ተቋም ሲ ቲ ኤስ ኤስ የተባለውን ሥርዓት ሠርተው አሳዩ። መኪናው በየቅጽበቱ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እየዞረ ይሠራል፤ ፍጥነቱ ብዙ ስለሆነ እያንዳንዱ ሰው መኪናው የእርሱ ብቻ ይመስለዋል። ሥርዓቱ በኋላ በሠራበት በአይ ቢ ኤም 7094 ላይ ሜሞሪው በሁለት የተከፈለ ነበር፤ አንደኛው ለአስተዳዳሪው ፕሮግራም፥ ሁለተኛው ለተጠቃሚዎች። ተጠቃሚው ወደ አስተዳዳሪው ክፍል መግባት አይችልም። እያንዳንዱ ሰውም በመኪናው ላይ የሚቀመጥ የራሱ ፋይል ስለ ነበረው ፋይሉን የሚጠብቅለት የይለፍ ቃል ተሰጠው። ዛሬ በየቀኑ የምንጽፈው የይለፍ ቃል ዘሩ ከዚህ ነው።

አጥር በተሠራ ማግስት የሚዘለው ሰው መምጣቱ አይቀርም። በ1962 አለን ሼር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ፥ የተመደበለት የመኪና ሰዓት ለጥናቱ ስላልበቃው፥ የሁሉንም ተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል የያዘው ፋይል በወረቀት እንዲታተምለት በካርድ አዝዞ ወሰደ፤ ይህንንም ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሱ ተናግሯል። በ1966 ደግሞ ያለ ማንም ተንኰል፥ በስሕተት ብቻ፥ የዕለቱ ማስታወቂያ ፋይልና የይለፍ ቃሎቹ ፋይል ተለዋወጡና ወደ ሥርዓቱ የገባ ሰው ሁሉ የሌሎችን ሰዎች የይለፍ ቃል በፊቱ ተጽፎ አገኘው። ከሁለቱ ታሪኮች የመጀመሪያውን ልብ ማለት ይገባል። በዚያ የመጀመሪያ ዘመን አጥሩን የዘለለው ሰው የዘለለው ለጨዋታ ሳይሆን ለሥራ ነው።

ጨዋታውስ ከየት መጣ? እርሱም ከዚያው ግቢ ነው። በ1962 ስቲቭ ራስልና ጓደኞቻቸው 120 ሺህ ዶላር ያህል በሚያወጣው ፒ ዲ ፒ 1 በተባለው መኪና ላይ ስፔስዎር የሚባል የጠፈር መርከቦች ውጊያ ጻፉ። በዚህ መኪና ላይ ሥራንና ጨዋታን የሚለይ ምንም ነገር አልነበረም፤ መኪናው ሥራ በሚፈታበት ሰዓት መጫወት ነው እንጂ። ከዚህም ይልቅ የሚያስገርመው የዩኒክስ ታሪክ ነው። በ1969 በቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ኬን ቶምሰን በፀሐይና በዓለማት መካከል መርከብ የሚነዱበት ስፔስ ትራቭል የተባለ ጨዋታ ጽፈው ነበር። በትልቁ የላቦራቶሪው መኪና ላይ ሲጫወቱት ግን አንዱ ጨዋታ 75 ዶላር ያህል የመኪና ሰዓት ያስወጣ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው የማይፈልገው ፒ ዲ ፒ 7 የሚባል ትንሽ መኪና አገኙና ከዴኒስ ሪቺ ጋር ሆነው ጨዋታውን ወደዚያ አዛወሩት። ያንን መኪና የለመዱት በዚህ ምክንያት ነው፤ ዩኒክስንም የሠሩት በእርሱ ላይ ነው። እርግጥ ዩኒክስ ከጨዋታ ብቻ ተወለደ ማለት አይቻልም፤ ላቦራቶሪው መልቲክስ ከተባለው ትልቅ የጋራ ሥራ ስለ ወጣ ሰዎቹ ቀድሞውንም የራሳቸውን ሥርዓት ይፈልጉ ነበር። ሆኖም ፋይል ሁሉ ባለቤት ያለው፥ ባለቤቱ ያልፈቀደለት ሰው የማያነበው፥ ይህን የመሰለ ጥብቅ ሥርዓት የተጀመረው ሰው ለመጫወት ሲል ባገኘው መኪና ላይ ነው። የአፕል ኮምፒዩተሮች የሚሠሩበት ሥርዓት ዛሬም ከዚሁ ዘር ነው።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። በ1977 አፕል 2፥ ኮሞዶር ፔት እና ቲ አር ኤስ 80 ለገበያ ቀረቡ። እነዚህ መኪናዎች ስም አይጠይቁም፥ የይለፍ ቃልም አያውቁም፤ ያበራ ሰው ሁሉ ባለቤት ነው። አፕል 2ን የሠሩት ስቲቭ ዎዝኒያክ ቀለምና ድምፅ ያስገቡበት ብሬክአውት የተባለውን ጨዋታ በቤዚክ ቋንቋ መጻፍ እንዲቻል ብለው መሆኑን ተናግረዋል። በ1979 ግን ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክ የተባለውን የሒሳብ ሰሌዳ ለዚሁ መኪና አወጡ፤ ከዚያ በኋላ ነጋዴውና ሒሳብ ያዡ ይህን በጨዋታ የተፀነሰ መኪና ይገዛው ጀመር። ሥራና ጨዋታ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተገናኙት ያን ጊዜ ነው።

በዚያ ዘመን የሚለያያቸው ነገር ፍሎፒ ዲስክ ነበር። አንዱ ዲስክ 140 ኪሎ ባይት ያህል ይይዛል፤ በመኪናው ውስጥ የሚቀር ነገር ስለሌለ ዲስኩ ሲወጣ ሥራው ሁሉ አብሮት ይወጣል። አባት የሒሳቡን ዲስክ በመሳቢያ ቆልፎ ከሄደ ልጁ እስከ እኩለ ሌሊት ቢጫወት አንድ ቁጥር እንኳ ሊያጠፋ አይችልም። በእኛ አስተያየት በቤት ኮምፒዩተር ላይ ከታዩት አጥሮች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነበር፤ ምንም እንኳ ማንም አጥር ይሁን ብሎ ባይሠራው።

ይህን አጥር ያፈረሰው ሀርድ ዲስክ ነው። በ1983 አይ ቢ ኤም ኤክስ ቲ የተባለውን ኮምፒዩተር ሲያወጣ 10 ሚሊዮን ባይት የሚይዝ ዲስክ በሆዱ አድርጎ ነው። የሒሳቡም የጨዋታውም ፋይል አንድ ላይ ገባ። አብሮት የወጣው ዶስ 2.0 ሁለት ነገር ሰጠ። አንደኛው ፎልደር ነው፤ ፎልደር ግን ስም እንጂ ቁልፍ አይደለም፥ እኛም በቤታችን ያየነው ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ኤፍዲስክ የሚባለው ዲስኩን እስከ አራት ቦታ የሚከፍለው ፕሮግራም ነው። ይህም የተሠራው ልዩ ልዩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች በአንድ ዲስክ ላይ ሳይነካኩ እንዲኖሩ ነው እንጂ የቤት ጸጥታ ታስቦበት አይደለም። ቢሆንም የቤት ሰዎች አንዱን ክፍል ለሥራ ሌላውን ለጨዋታ ማድረግን ከዚህ ተማሩ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደስተን የታሪኩ ክፍል ግን ከዚህ አሥር ዓመት በኋላ የሆነው ነው። በዶስ ላይ ፕሮግራሞች በቀጥታ የሚሠሩበት ሜሞሪ 640 ኪሎ ባይት ብቻ ነበር፤ መኪናው ከዚያ በላይ ብዙ እጥፍ ሜሞሪ ቢኖረውም ያው ነው። ለማውስ፥ ለሲዲ፥ ለድምፅ፥ ለኔትወርክ የሚያስፈልጉት ትንንሽ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ከዚያች 640 እየቆረሱ ይወስዳሉ። የጊዜው ትልልቅ ጨዋታዎች ደግሞ ሰፊ ባዶ ቦታ ካላገኙ አይነሡም። የሥራው አሰናዳድ ለጨዋታው አልስማማ አለ፤ የጨዋታውም ለሥራው። ስለዚህ ባለ ኮምፒዩተሩ ለሥራ ማስነሻ አንድ፥ ለጨዋታ ማስነሻ አንድ ፍሎፒ ለየብቻ እያዘጋጀ ይለዋውጥ ነበር። በ1993 የወጣው ኤም ኤስ ዶስ 6.0 ይህን ድካም አቀለለው፤ ኮንፊግ ሲስ በሚባለው ፋይል ውስጥ ጥቂት መስመሮች ከተጻፉ መኪናው ሲነሣ የምርጫ ዝርዝር ያሳያል። «1 ሥራ፥ 2 ጨዋታ» ብሎ መጻፍ ተቻለ። በተራው ሰው ቤት ውስጥ መኪናው «ማን ነህ?» ሳይሆን «ለምን መጣህ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ ማለት ነው። ምክንያቱ የሥነ ምግባር ጉዳይ አልነበረም፥ የሜሞሪ ማነስ ብቻ ነው። በመደቡ ላይ ምንጣፉን እንደ መለወጥ ያለ ነገር ነው፤ የተለወጠው አሰናዳዱ ሲሆን ፋይሎቹ ግን እንደ ቀድሞው ለገባ ሁሉ ክፍት ነበሩ። ሜሞሪው ሲበዛና ዶስ ሲቀር ጥያቄውም አብሮ ቀረ።

በመሥሪያ ቤት በኩል ደግሞ ሌላ ዘዴ ነበር። በ1980ዎቹ ከወጡት ጨዋታዎች በብዙዎቹ ላይ «የአለቃ ቁልፍ» የሚባል ነገር ይገኝ ነበር፤ ተጫዋቹ አለቃው ሲመጣ ያየ እንደሆነ ያንን ቁልፍ ይጫናል፥ ጨዋታውም ተሰውሮ የሒሳብ ሰሌዳ የሚመስል ሥዕል ይወጣል። ይህ አጥር ሳይሆን መጋረጃ ነው። በ1990 ከዊንዶውስ 3.0 ጋር የወጣውን ሶሊቴር የተባለውን የካርታ ጨዋታ የጻፉት ዌስ ቼሪ በማይክሮሶፍት ተለማማጅ ሠራተኛ ነበሩ፤ ይህን የመሰለ ቁልፍ አስገብተውበት ሳለ ኩባንያው እንዳስወጣቸው ተናግረዋል። መጋረጃው ወጣ፥ ጨዋታው ግን በዓለም ላይ ባሉ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ከሥራው ፕሮግራም ጎን ተቀመጠ። በ2006 የኒውዮርክ ከተማ ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ በአንድ የከተማው ሠራተኛ ስክሪን ላይ ይህንኑ ጨዋታ አይተው ሠራተኛው ከሥራው ተሰናበተ። መጋረጃው ቢኖር ኖሮ ምናልባት ሰውዬው እንጀራው ይተርፍለት ነበር።

እስካሁን የጠቀስናቸው ሁሉ ወይ ሰውን ከሰው የሚለዩ ወይም በችግር የተገኙ ዘዴዎች ናቸው። አስቀድሞ ከጉዳዩ የተነሣ አንድ ሥራ ግን አለ። በ1986 ኦስቲን ሄንደርሰንና ስቱዋርት ካርድ የተባሉት በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ ምርምር ማእከል ሊቃውንት «ሩምስ»፥ ማለት «ክፍሎች»፥ የተባለ ሥርዓት በጽሑፍ አቀረቡ። በስክሪን ላይ መስኮቶች ሲበዙ ሰው ጊዜውን የሚያጠፋው የሚፈልገውን መስኮት በማውጣትና የማይፈልገውን በመግፋት ነው ብለው ተመለከቱ። ይህንንም ፒተር ዴኒንግ በ1968 ስለ ኮምፒዩተር ሜሞሪ ከጻፉት ጋር አነጻጸሩት፤ ሜሞሪ የጠበበው መኪና ዕቃ ሲያወጣና ሲያስገባ ዋናውን ሥራ እንደሚፈታ ሁሉ፥ ስክሪን የጠበበው ሰውም እንዲሁ ነው። መፍትሔያቸው ለእያንዳንዱ ተግባር አንድ ክፍል ማድረግ ነው፤ ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሳልፍ በር አለ፥ ሰው ሲያልፍ መስኮቱን እንደ ጓዝ ይዞ ሊሄድ ይችላል፥ ክፍሎቹንም ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ገጽ አለ። አንድ ሰው ብዙ ጉዳይ እንዳለው የተቀበለ ሥርዓት ይህ ነው። ሐሳቡ በ2007 በአፕል፥ በ2015 ደግሞ በዊንዶውስ 10 አማካይነት ወደየቤቱ ደረሰ። የጎደለው ነገር ቢኖር በክፍሎቹ መካከል በር እንጂ ቁልፍ አለመኖሩ ነው። ዓይንን ይለያል፥ ፋይልን አይለይም፤ የወንድማችንን እጅ ሊያስቆመው አይችልም ነበር።

ቁልፉ ወደ ቤት የገባው በሌላ በኩል ነው። በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤን ቲ ለመሥሪያ ቤት የተሠራ ስለሆነ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቅ፥ ፋይልንም በባለቤቱ ይጠብቅ ነበር። በ2001 ኦክቶበር ወር ዊንዶውስ ኤክስፒ ይህንኑ ሥርዓት ለቤት አቀረበ። መኪናው ሲነሣ የቤተ ሰቡ ስም ከነሥዕሉ ይደረደራል፤ አንዱ ሥራውን ሳይዘጋ ሌላው መግባት ይችላል። ነገር ግን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲጫን የሚፈጠሩት ስሞች ሁሉ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ነበራቸው፤ የይለፍ ቃልም ግዴታ አልነበረም። አጥሩ ታጥሮ ቁልፉ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ታደለ ማለት ነው። በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ይህን ሊያርም ሞከረ፤ አስተዳዳሪውን እንኳ ሳይጠይቅ ለውጥ አያደርግም፥ ለልጆችም የሰዓት ገደብና የጨዋታ ምርጫ ማድረግ ተቻለ። ሰዎች መጠየቁ እንደ ሰለቻቸው በሰፊው ተጽፏል። እኛ ግን ማስታወሻችን ከጠፋ በኋላ የሚጠይቅ መኪና አልሰለቸንም።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ የቤታችንን ኮምፒዩተር እንደገና አሰናዳነው። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በእናታችን እጅ ነው፤ ወንድማችን አዲስ ጨዋታ ለመጫን የግድ ያስፈቅዳቸዋል። እርሱ የራሱ ስም አለው። ለእኛ ለራሳችን ሁለት ስም አወጣን፥ አንዱን «ቀን» ሌላውን «ማታ» አልነው፤ ሁለቱም ያለ አስተዳዳሪ ሥልጣን ናቸው። ዲስኩን ለሁለት ከፍለን ጨዋታዎቹን በሁለተኛው ክፍል አኖርናቸው፤ የጨዋታው ክፍል ቢሞላ የሥራውን ቦታ አይጋፋም። ዓርብ ዓርብ የ«ቀን»ን ፋይሎች ሁሉ በፍላሽ እንገለብጣለን፤ አጥር የተበላሸ ዲስክን አያድንምና።

ስድስት ወር ከሠራንበት በኋላ የታዘብነው እንዲህ ነው። ለወንድማችን አጥሩ በእውነት አጥር ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ፋይል አልጠፋብንም። ለእኛ ግን ሁለቱንም የይለፍ ቃል ስለምናውቅ ከ«ቀን» ወደ «ማታ» መሻገር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፥ ደጋግመንም ተሻግረናል። ሰውን ከሰው እንዲለይ የተሠራ መሣሪያ አንድን ሰው ለሁለት ሲከፍሉበት የሚይዘው አደጋን ነው እንጂ ፍላጎትን አይደለም። በተቀረ ግን ሥራውን በትክክል ይሠራል። የዚህን ጽሑፍ ግማሽ የጻፍነው በ«ማታ» ስም ገብተን፥ ከጨዋታ መካከል ሐሳብ መጥቶልን ነው፤ በማግስቱ በ«ቀን» ገብተን ልንቀጥል ስንል መኪናው ፋይሉ የሌላ ሰው ነው ብሎ ስለ ከለከለን ተመልሰን በ«ማታ» ገብተን በፍላሽ ገልብጠን አሻገርነው።